የሚላጥ ቀለም፣ ነፍሰ ጡርነትና የወንድሜ ቤት

የደብረ ብርሃኗ፦
ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች። ሜሪላንድ አሮጌ ቤት ተከራይተናል። የመስኮቱ ቀለም እየተላጠ ይረግፋል፤ ልጄ ዳዴ ስትል እያነሳች ትቀምሰዋለች። እኔም ነፍሰ ጡር ነኝ። አከራዩ «ቀለም ነው፣ ምን አለው» ይላል። ውሉን ማፍረስ እችላለሁ? ወንድሜ ደግሞ ደብረ ብርሃን ለጀመረው ቤት የመስታወት ብር ላኪ ብሎ ይዞኛል።

ጋሽ ጣርማበር፦
እህቴ፣ ነገሩ ቀላል አይደለም። አሜሪካ ሊድ የሚሉትን መርዛማ ብረት፣ እርሳስን፣ ከቤት ቀለም ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ቤቱ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ አከራዩ ከመፈረምሽ በፊት የሚያውቀውን በጽሑፍ ማሳወቅና የመረጃ ቡክሌት መስጠት አለበት። ሰጥቶሻል? እርሳስ አጥንት ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። እናት ስታረግዝ ከአጥንቷ ወደ ደም ይወጣል፤ በእንግዴ ልጅ አልፎ ፅንሱ ጋ ይደርሳል። እናት በልጅነቷ የኖረችበት ቤት ለልጇ ይተርፋል ማለት ነው። ልጅቷን ደም አስመርምሪያት፤ ለሐኪምሽም ንገሪ። ቀለሙን በደረቁ አትፈቅፍቁት፣ አቧራው የባሰ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ።

የመንዙ፦
አባቶቻችን ይሄ ጣጣ አልነበረባቸውም። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ የሣር ክዳን፣ ውርጩ ውጭ ይቀራል። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ የመስታወት ቤት ምን ይሉታል? ወንድምሽ በድንጋይ ይሥራ። እኔማ ያ ቤት ናፈቀኝ።

የአንኮበሯ፦
ወንድሜ፣ ናፍቆትህ ይገባኛል። ግን ያ ቤት ጭስ መውጫ ነበረው? እናቴ ኩበት ስታነድ ኖራ ዛሬም ሳሉ አልለቀቃትም። ነፍሰ ጡር የምትተነፍሰው ጭስ ክብደቱ ካነሰ ልጅ ጋር ይያያዛል፤ ሕፃናትንም ለሳንባ ምች ያጋልጣል። ወንዱ ውጭ ይውላል። ጭሱን የምትጠጣው እናት ናት፣ ያዘለችው ልጅም አብሯት።

የመንዙ፦
ጥፋቱ የምድጃው ነው እንጂ የግድግዳው አይደለም።

የአንኮበሯ፦
ምድጃው የት ነው ያለው? እዚያው ቤት ውስጥ! እህቴ፣ ከላክሽ አይቀር ከመስታወቱ በፊት ጭስ ማውጫ ላለው ኩሽና ላኪ።

የደብረ ብርሃኗ፦
ቡክሌት የሚባል አልሰጠኝም። የውሉስ ነገር?

ጋሽ ጣርማበር፦
ዝም ብለሽ አትውጪ። ፎቶ አንሺ፣ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቂ፣ ለካውንቲው (ለአካባቢው አስተዳደር) ቤቶች ቢሮ ደውዪ። ስለማፍረሱ የተከራይ ጠበቃ ይንገርሽ።

የመንዙ፦
ድንጋይ ቤትም እኮ ጭስ ማውጫ ይወጣለታል! ለምን ይፈርሳል?

የአንኮበሯ፦
ይፍረስ ያለ አለ? እናቶች አይታፈኑ ነው የምልህ።