ከማዕበሉ ሸሽተን ያገኘነው በረከት የቦታው ነው ወይስ የአሥራ ሁለቱ ቀናት?

የታምፓው አባወራ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላልና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የምንኖረው ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ውስጥ፣ ለባሕር ወሽመጡ ቀረብ ባለ ዝቅተኛ ሠፈር በተከራየነው ምድር ቤት ነው። ሄለን የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 26 ቀን 2024፣ በእኛ አቆጣጠር በደመራ ዕለት፣ ከእኛ ብዙ ርቆ ፔሪ በተባለችው ከተማ አቅራቢያ ወደ ምድር ቢገባም፣ ገፍቶ ያመጣው የባሕር ውኃ ግን ቤታችን ውስጥ እስከ ጉልበት ደረሰ። እኛ ያን ሌሊት ያደርነው ብራንደን በሚኖር ወዳጃችን ቤት ነበር። በማግሥቱ ተመልሰን የረጠበውን ምንጣፍና ፍራሽ እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ ደጅ ላይ ከመርን። ክምሩ ሳይነሣ ደግሞ ሚልተን የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው ተባለ፤ ነፋሱ ያንን ሁሉ ዕቃ እያነሣ ይወረውረዋል የሚል ሥጋትም ተጨመረ። የግዴታ ውጡ ትእዛዝ ሲሰጥ ባለቤቴን፣ ሁለት ልጆቻችንንና ለጥየቃ ከደብረ ብርሃን የመጡትን አማቴን ይዤ ሰኞ ማታ በኢንተርስቴት 75 ወደ ሰሜን ተጓዝኩ። በደኅናው ቀን ሰባት ሰዓት የማይሞላው መንገድ አሥራ ስድስት ሰዓት ፈጀብን። ማደያዎቹ ብዙዎቹ ነዳጅ ጨርሰው ነበር፤ ምግብ ቤቱም ተዘግቷል። አማቴ ከአገር ቤት ያመጡትን በሶ በላስቲክ ውስጥ በጥብጠው ባያቀርቡልን ኖሮ ምን እንደምንሆን አላውቅም። ከዚያ በፊት በሶ ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩት ልጆቼ ጣታቸውን ላሱ።

ያረፍነው አትላንታ አጠገብ፣ ክላርክስተን፣ በባለቤቴ የአክስት ልጅ ቤት ነው። ከዚያ በፊት የምንተያየው ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ብቻ ነበር። በሦስት መኝታ ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ሆነን አሥራ ሁለት ቀን ተቀመጥን። በዚያ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የማይሰሙ አንድ አዛውንት አሉ፤ የቤቱ አባወራ አባት ናቸው። ሰባት ዓመት የሞላው ልጄ አማርኛ ይሰማል እንጂ አይመልስም ነበር። አዛውንቱ ገበጣ ያስተምሩት ጀመር፤ ልጁም ጠጠር ሲቆጥርና ሲከራከር በአምስተኛው ቀን «አባባ፣ ተራው የእኔ ነው፣ አያጭበርብሩኝ!» ብሎ ሲጮህ ከወጥ ቤት ሰማሁ። ሰባት ዓመት ስለምነው የኖርኩትን ነገር ነው። ባለቤቴ ደግሞ ለስድስት ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ በሌሊት ፈረቃ ስትሠራ የኖረች ስለሆነች፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ ስትነሣ መልኳ እንኳን ተለውጦ ነበር።

ሚልተን ኦክቶበር 9 ሌሊት ከታምፓ በስተ ደቡብ፣ በሲየስታ ኪ በኩል ስለገባ፣ በእኛ በኩል ነፋሱ ውኃውን ወደ ባሕር መልሶ ገፋው፤ ቤታችን ለሁለተኛ ጊዜ ሳይጠለቅ ቀረ። አሁን ተመልሰናል። ባለቤቴ ግን «እግዚአብሔር መንገዱን አሳይቶናል፣ ወደ አትላንታ እንሂድ» ትላለች። እኔ ደግሞ ያየነው የእንግድነት ደስታ እንጂ ኑሮ አይደለም ብዬ እፈራለሁ። ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ፤ ከአጠገባችን ያሉ ሰዎች ሁሉን አጥተው ሳለ እኔ ስለ በረከት ማውራቴ ነውር ይመስለኛል። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ እንዴት ወሰናችሁ?

ከኒው ኦርሊንስ ሂዩስተን

ወንድሜ፣ እንኳን በሰላም ወጣችሁ። እኛ ኒው ኦርሊንስን የለቀቅነው በ2005፣ ኦገስት 28 ቀን፣ ካትሪና ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ሁለት ሌሊት አድረን የምንመለስ መስሎን የሦስት ቀን ልብስ ብቻ ያዝን። የውኃ መከላከያ ግንቦቹ ፈርሰው ከከተማው 80 በመቶ የሚሆነው በውኃ መዋጡን ያየነው ሂዩስተን ውስጥ በቴሌቪዥን ነው። እስከ ዛሬም አልተመለስንም።

ዛሬ ብትጠይቁኝ በረከት ነበር እላለሁ፤ በመጀመሪያው ዓመት ብትጠይቁኝ ግን ይህን ቃል ከአፌ አትሰሙትም ነበር። ባለቤቴ በኒው ኦርሊንስ ደንበኞቹን የሚያውቅ ባለ ታክሲ ነበር፤ ሂዩስተን ሲመጣ መንገዱን እንኳን አያውቅም። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አብረዋቸው ቡና የሚጠጡት ሰዎች በየግዛቱ ስለተበተኑ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጡም። ገና አራት ሳምንት ሳይሞላን ሪታ የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስ መጣና ከሂዩስተንም ሽሹ ተባልን፤ ያን ጊዜ በመኪና ሰልፍ ውስጥ የዋልነውን ውሎ የእርስዎን አሥራ ስድስት ሰዓት ሳነብ አስታወስኩት።

ታቲያና ደሪዩጊና፣ ሎራ ካዋኖ እና ስቲቨን ሌቪት የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የካትሪና ተጎጂዎችን ገቢ ከግብር መዝገብ ተከታትለው አጥንተዋል። በመጀመሪያ ገቢያቸው ወርዶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን በሌሎች ከተሞች ከሚኖሩ መሰሎቻቸው በልጦ ተገኝቷል። ልብ አድርጉልኝ፤ ጥናቱ ርቀው የቀሩትን ብቻ ሳይሆን የተመለሱትንም ይጨምራል። ስለዚህ ሁሉን ነገር ለአዲሱ ከተማ መስጠት አይገባም። በዚያ ላይ ውኃን ሸሽተን የመጣንባት ሂዩስተን በ2017 ሃርቪ የተባለው አውሎ ነፋስ ባመጣው ዝናብ ስትጥለቀለቅ የእኛም ሳሎን አልቀረለትም።

ነውር ነው ወይ ላሉት፤ እኔ አልመሰለኝም። ነውሩ የጎረቤትን ዕቃ ክምር እያዩ «እኛንስ ጠቀመን» ማለት ነው። ተመስገን ብሎ ሄዶ ክምሩን ማንሣት ግን ሌላ ነው።

እንግዳ ተቀባይዋ (አትላንታ)

እኔ ከአስተናጋጆቹ ወገን ሆኜ ልናገር። በሚልተን ጊዜ ሁለት ቤተሰብ ተቀብያለሁ፤ ደስታውም እውነት ነበር። ይሁን እንጂ በእነዚያ ቀናት ማንም በደወል አልተነሣም፣ ማንም ሒሳብ አልከፈለም፣ ወንዶቹ ሳይቀሩ ሽንኩርት ይልጡ ነበር። እንግዶቹ ሲሄዱ የእኔ ልጆች ለአማርኛው ተመልሰው ዳተኞች ሆነዋል፤ ጎረቤቴ ኢትዮጵያዊ መሆኑ ብቻውን አላዳናቸውም። ልጅዎን ያናገረው ክላርክስተን ሳይሆን ሌላ ቋንቋ የማያውቁት አዛውንት ናቸው። እንደዚህ ያለ ሰው ደግሞ በቤትዎ አለዎት፤ አማትዎ ገበጣ ይችሉ እንደሆነ ጠይቀው ያውቃሉ?

የባለቤትዎን ነገር ግን አቅልለው አይዩት። ስድስት ዓመት የሌሊት ፈረቃ ቀላል አይደለም። «እንሂድ» ስትል ምናልባት «እንቅልፍ ልተኛ» ማለቷ ይሆናል፤ ለዚህ ደግሞ ከተማ መቀየር ላያስፈልግ ይችላል።

ከማዕበል ለመዳን ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ያው ሄለን አትላንታንም በዝናብ አጥለቅልቋታል። ከባሕር ርቃ በተራራ መካከል ያለችው የኖርዝ ካሮላይናዋ አሽቪል በዚያው በሄለን ጎርፍ የደረሰባትንም ሁላችንም አይተናል። የእኔ ምክር በጥር ወር፣ ልጆች ትምህርት ላይ ሆነው፣ ሥራ ፍለጋ በእውነት እየዞራችሁ ሁለት ሳምንት ተቀመጡና ያን ጊዜ ወስኑ የሚል ነው።

የፎርት ማየርሱ

በ2022 ኢያን በተባለው አውሎ ነፋስ ጊዜ የተማርኩትን ባጭሩ ልጻፍ። የነዳጅና የማደሪያ ደረሰኝ አስቀምጡ፤ የግዴታ ውጡ ትእዛዝ ሲኖር አንዳንድ የተከራይ ኢንሹራንስ ይህን ወጪ ይተካል። ጎርፍን ግን የተከራይ ኢንሹራንስ አይሸፍንም፤ የጎርፍ ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል፤ በፌዴራሉ ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ የሚውለው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ማዕበል ሲታይ መግዛት ዋጋ የለውም። ቤታችሁ ለመኖሪያ የማይሆን ከነበረ ፌማ (የፌዴራሉ የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት) ከዘመድ ቤት ለተጠጋም የመፈናቀያ ድጎማ አለው። ወላጆች ዜግነት ባይኖራቸውም በዜጋው ሕፃን ልጃቸው ስም ማመልከት ይችላሉ፤ ብዙ ሐበሻ ይህን ባለማወቅ ቀርቶበታል።

የታምፓው አባወራ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዳ ተቀባይዋ እህቴ ስለ ባለቤቴ የጻፉትን ሳነብላት ዝም ብላ ቆየችና «አዎ፣ እንቅልፍ ነው» አለች። ወደ ቀን ፈረቃ እንዲቀይሯት ደብዳቤ አስገብታለች፤ ደመወዙ ይቀንሳል፤ ሒሳቡን ሠርተነዋል፤ እንችለዋለን። የአትላንታው ጉዳይ እስከ ጥር ይቆይ ተባብለናል፤ ኪራይ ውላችን ሲያልቅ ግን ከባሕሩ ራቅ ወዳለ ሠፈር፣ ምናልባት ወደ ብራንደን፣ መዛወራችን አይቀርም።

አማቴን ጠየቅኋቸው። ገበጣ ይችላሉ፤ «ማን ጠየቀኝ?» አሉኝ። ሰሌዳ ስለሌለን የእንቁላል ካርቶን ቆርጠን በሽምብራ እየተጫወቱ ነው፤ ትናንት ማታ ልጁ ተሸንፎ አኩርፎ ተኛ።