ወንዙ መድረቁን እያወቀ ለምን ይሄዳል?

የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የብሩስ ስፕሪንግስቲንን «ዘ ሪቨር» («ወንዙ»፣ 1980) የተባለ ዘፈን ግጥም ለመረዳት ስታገል መጨረሻው ላይ ተጣብቄ ቀረሁ። እባካችሁ፣ የገባችሁ ካላችሁ እርዱኝ።

ታሪኩን እንኳ ይዤዋለሁ። ልጁ ፍቅረኛውን ያስረግዛል፤ 19 ዓመት ሲሞላው የሚሰጠው የሠራተኛ ማኅበር መታወቂያና የሠርግ ኮት ነው። ጋብቻው ፍርድ ቤት፣ ያለ አበባ፣ ያለ ቬሎ። የግንባታ ሥራ ያገኛል፤ ኢኮኖሚው ሲዳከም ሥራውም ይጠፋል። ከዚያ እሱ ምንም እንደማያስታውስ ይሆናል፣ እሷ ደግሞ ምንም ግድ እንደሌላት። (እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ሆዴ ይባባል።)

ግን በፍቅራቸው ጊዜ አብረው ይወርዱበት የነበረው ወንዝ መድረቁን እያወቀ ለምን ተመልሶ ይወርዳል? ፍቅራቸው ደርቋል ለማለት ብቻ ከሆነ መሄዱ ምን አስፈለገ? እኔ የሚፈልገው ሚስቱን ሳይሆን የድሮውን ራሱን ይመስለኛል። ጓደኛዬ «የገደላቸው ሥራ ማጣት ነው እንጂ ፍቅሩስ አለ» ይላል። ዘፋኙ «መነሻዬ የእህቴና የባሏ ሕይወት ነው» ማለቱን ሳስብ ወደ ጓደኛዬ ሐሳብ አዘነብላለሁ።

ሌላው፦ ያልተፈጸመ ሕልም ውሸት ነው ወይስ ከዚያ የባሰ ነገር ብሎ ይጠይቃል። ያ «የባሰ» ምንድን ነው?