ናይሮቢ ውስጥ ስለ ሞተር ሳይክል ፍተሻ ምክር እፈልጋለሁ

ናይሮቢ የምትኖሩና ሞተር የምትነዱ ወገኖቼ፣ በትሕትና ምክራችሁን እጠይቃለሁ። ኢስሊ ለሚገኝ ሱቃችን በሞተር ዕቃ አመላልሳለሁ። የኬንያ ሕግ የሚያዘውን ሄልሜትና አንጸባራቂ ሰደርያ ሁልጊዜ አደርጋለሁ፤ መንጃ ፈቃዴም ሆነ ኢንሹራንሴ አልተቃጠለም። የቸገረኝ የባለቤትነት ደብተሩ ነው። ሻጩ በኢሲቲዝን (የኬንያ መንግሥት የኦንላይን አገልግሎት) በኩል የስም ዝውውሩን ሳይጨርስ ወደ ሞምባሳ ሄዶ ስልክ ስለማያነሳ፣ ሞተሩ እስካሁን የተመዘገበው በእሱ ስም ነው።

በቅርቡ ያስቆመኝ ፖሊስ ይህን እንዳየ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና እዚያው ጥሬ ገንዘብ እንድሰጠው ጠየቀኝ። ጥፋት ካለብኝ ጣቢያ ሄጄ ዋስትናውን በደረሰኝ ብከፍል እመርጣለሁ፤ ያለ ደረሰኝ የሚሰጥ ገንዘብ ነገ ሌላውም ወገን እንዲሁ ገንዘብ እንዲጠየቅ ያደርጋል ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ስዋሂሊዬ ገና በመሆኑ፣ ይህን ስናገር እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝና ነገሩ እንዳይካረር እሰጋለሁ።

ሁለታችንም የፈረምንበት የሽያጭ ውል መንገድ ላይ ተቀባይነት አለው? ሻጩ ጨርሶ ባይገኝስ ዝውውሩን በምን መንገድ ማስፈጸም ይቻላል? ይህ የደረሰበት ሰው ካለ፣ ለፖሊሱ ምን ብሎ እንደመለሰና ጉዳዩ እንዴት እንዳለቀ በዝርዝር ቢነግረኝ ውለታው ትልቅ ነው።