ቦነሱ ወደ መነሻ ደመወዝ ይግባ ወይስ ለብቻው ይቆይ?

አወያይ፦ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ የሚሠራ ሰው ወር ሲደርስ የሚቀበለው ብር ብዙውን ጊዜ ከሦስት ቦታ የተጠራቀመ ነው፦ መነሻ ደመወዝ፣ የአቴንዳንስ ቦነስ (ሳይቀሩ ለመገኘት)፣ የምርት ቦነስ (የታቀደውን ብዛት ለማውጣት)። ቦነሱ በመነሻው ላይ ይደመር የሚሉ አሉ። ያኔ የሚተጋውና የማይተጋው እኩል ይሆናሉ የሚሉም አሉ። «ለብቻው ቢቆይም በድምሩ ያው ነው» የሚሉም አልጠፉም። ዛሬ የሚከራከሩት በሥራቸው ስም ነው፦ ፔሮል (ደመወዝ የሚያሰላ)፣ ላይን መሪ (በተርታ የተቀመጡ ሰፊዎችን፣ ማለትም ላይኑን የሚመራ)፣ ኦቨርሎክ (የኦቨርሎክ ስፌት ማሽን ላይ የሚሠራ)፣ አይኢ (የሥራ ጊዜና ምርት የሚለካ ኢንዱስትሪያል ኢንጂነር) እና መካኒክ። የድርጅት ስም ሳትጠሩ፣ በቁጥር ተከራከሩ።

ፔሮል፦ ይደመር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 53 ቦነስን፣ አበልንና የትርፍ ሰዓት ክፍያን እንደ ደመወዝ አይቆጥራቸውም። ስለዚህ የዓመት ፈቃድ፣ የወሊድ ፈቃድና የስንብት ክፍያ የሚሰሉት በመነሻው ነው። ጡረታም ያው ነው፤ የሠራተኛው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ የሚታሰቡት በመነሻው ላይ ነው።

ለስሌት እንዲመች መነሻው 3,120፣ ቦነሱ 1,040 ብር ይሁን። 3,120 ለወሩ 208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 15 ብር ይመጣል። የቀን ትርፍ ሰዓት በ1.5 ሲባዛ 22.50፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75 ሲባዛ 26.25፣ በሳምንት ዕረፍት 30፣ በሕዝብ በዓል 37.50 ብር ነው። ቦነሱ ከተደመረ ሰዓቱ 20 ብር ይሆንና ክፍያው በቅደም ተከተል 30፣ 35፣ 40 እና 50 ብር ይደርሳል። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን የምታርፍ እናት ደግሞ በአራት ወር 4,160 ብር ይቀርባታል። «በድምሩ ያው ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል።

ላይን መሪ፦ ሕጉ ላይ አልከራከርም። ወለሉ ላይ ያለው ግን ሌላ ነው። ክር መቀንጠብ በአንድ ቀን ይለመዳል፤ አንገትጌ መግጠም ግን ወራት ይፈጃል። ሁለቱ በአንድ መነሻ ከገቡ አንገትጌ ላይ ማን ይቀመጣል? ላይኑ የሚያወጣው በጣም ቀርፋፋው ቦታ በሚያወጣው ልክ ነው። በ40 ሰው ላይን አንገትጌ ላይ ያለችው አንድ ቀን ከቀረች የቀሩት 39ኙ ቁጭ ይላሉ። አቴንዳንስ ቦነስ የመጣው ለዚህ ነው።

ዋጋውም አለ። ገዢ የሚከፍለው በፍሬ ነው፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ዋጋ አይጨምርም። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ (የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ) ስትታገድ፣ በነፃ አሜሪካ ይገባ የነበረው የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ ቀረጥ መጣበት። መነሻው በአንዴ ከዘለለ ትእዛዙ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል ብዬ ከልቤ እሰጋለሁ።

ኦቨርሎክ፦ ላይን መሪ፣ የአንገትጌው ችግር በእርከን ይፈታል እኮ። ሥራው በችሎታ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብሎ ይመደብ፣ ለየእርከኑ የራሱ መነሻ ይኑረው። ከዚያ ሌላ፣ በብዙ ቦታ አቴንዳንስ ቦነስ የሚቀረው ያለ ፈቃድ ለቀረ ብቻ አይደለም፤ የሐኪም ወረቀት ይዛ የመጣችም ታጣዋለች። አዋጁ የመጀመሪያውን ወር ሕመም በሙሉ ደመወዝ ይከፈል ይላል። በአንድ እጅ የተሰጠው በሌላ እጅ ይወሰዳል። ትኩሳት ይዟት ማሽን ላይ የምትቀመጥ ሴት የምትሠራው ሪፔር (እንደገና የሚስተካከል) ሆኖ ይመለሳል፣ ስለዚህ ለድርጅቱም አይጠቅምም።

አይኢ፦ የምርት ቦነሱን አሰላል ያየ ሰው ቶሎ ይናደዳል። 40 ሰው፣ 480 ደቂቃ፦ 19,200 ደቂቃ። የአንዱ ልብስ መደበኛ ጊዜ 12 ደቂቃ ከሆነ መቶ በመቶ ማለት 1,600 ፍሬ ነው። ላይኑ በ60 በመቶ ፍጥነት ቢሠራ 960 ያወጣል። አሁን መብራት ጠፍቶ ወይም ከቲንግ (የጨርቅ መቁረጫ ክፍሉ) ቁርጡን አዘግይቶ 45 ደቂቃ ይቁም። በዚያው ፍጥነት 870 ብቻ ይወጣል፣ ሪፖርቱ ላይም 54.4 በመቶ ተብሎ ይጻፋል። ቦነስ የሚጀምረው ከ55 በመቶ ከሆነ ማንም አያገኝም፤ ሠራተኞቹ ግን ፍጥነታቸውን አልቀነሱም። የቆመው ጊዜ ቢቀነስ (40 በ435፣ 17,400 ደቂቃ) ውጤቱ 60 በመቶ ነው። አዲስ ስታይል (የልብስ ዓይነት) በገባ ሰሞንም እንዲሁ ነው፤ እጅ እስኪለምድ ታርጌቱ (እንዲወጣ የታቀደው ብዛት) በደረጃ ካልወጣ ላይኑ በሙሉ ይቀጣል።

መካኒክ፦ የታርጌት ሩጫ ደኅንነትንም ይነካል። መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው በሙሉ ተገኝቶ ካልተመለሰ አዲስ አይሰጥም፤ አንድ ቁራጭ ከጎደለ በአካባቢው ያለው ልብስ ሁሉ ተለይቶ በብረት መፈለጊያ ያልፋል። ይህ ደቂቃ ይበላል። ደቂቃው ከቦነስ ስለሚቀነስ ስብራቱን የሚደብቅ ይኖራል፣ ቁራጩም ልብስ ውስጥ ይቀራል። ክር ቶሎ ለማስገባት የጣት መከላከያው የሚነሳውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ላይን መሪ፦ የአይኢን ስሌት እቀበላለሁ። የቆመ ጊዜ መቀነስ አለበት። ቦነስ ፈጽሞ ይቅር የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም።

ፔሮል፦ እኔም ሁሉም ይጥፋ አላልኩም። አቴንዳንሱ ወደ መነሻ ይግባ፤ የምርቱ ይቆይ፣ ግን በኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው በሚፈራረሙት ውል) ይጻፍ። የግል ዘርፉ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለውም፤ አዋጁ ለደመወዝ ቦርድ በር ከፍቷል፣ እስኪወሰን ግን ያለን መሣሪያ ኅብረት ስምምነት ነው። በስምምነቱ ውስጥ የቆመ ጊዜ መዝገብ ይካተት፦ የቆመበት ሰዓት፣ ምክንያቱ፣ የተነሳበት ሰዓት፣ በየቀኑ የሱፐርቫይዘሩና የሠራተኞች ተወካይ ፊርማ፣ አንድ ቅጂ ለማኅበሩ። ፊርማ የሌለበት ቀን ቦነስ አይቀነስበትም የሚል መስመር ካልተጨመረ ግን መዝገቡ ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።