ቤዝቦል፣ ሙዚቃና ፊልም፦ ክረምቱን ከልጆች ጋር ደሴ

እናት ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ? ዘንድሮ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ይዤ ደሴ ልሄድ ነው። እስከ ነሐሴ መጨረሻ እናቴ ጋ ነን። ትልቁ 13 ዓመቱ ነው፣ ቤዝቦል ይጫወታል። ቲኬት ከቆረጥን ወዲህ ፊቱን ጥሏል። «ቤዝቦል የለ፣ ምን የለ፣ እዚያ ምን ልሠራ ነው?» ይለኛል። ትንሿ 10 ዓመቷ ነው፤ የሷ ጥያቄ ፊልም ነው። እዚህ ሠፈራችን ፓርክ ውስጥ ማታ ማታ ብርድ ልብስ አንጥፈን በነፃ የምናየው ፊልም ሊያመልጣት ነው። ባለቤቴ «ተያቸው፣ ይለምዱታል» ይላል። እሱ ምን አለበት፣ አይሄድ! እኔ ግን አያታቸው ቤት ጥግ ይዘው ስልክ ላይ ተደፍተው እንዲውሉብኝ አልፈልግም። ፕሮጀክተር ልግዛ? ቤዝቦሉንስ ከዚያ ሆኖ ማየት ይቻላል? ልጆች ይዞ የሄደ ካለ እስቲ ምከሩኝ።

የሸዋበር ልጅ

እህቴ፣ አብሽሪ። እኔ ቨርጂኒያ ብዙ ዘመን ኖሬ ደሴ ተመልሻለሁ። ልጆቼ ግን እዚያው ናቸው፤ ክረምት ክረምት ይመጣሉ። የምነግርሽ እቤቴ የማየውን ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንያዘው። በነዚያ ወራት ዋሽንግተንና ደሴ የ7 ሰዓት ልዩነት አላቸው። እዚያ ምሽት 1 ሰዓት ላይ የሚጀመረው ጨዋታ እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። እሱን እርሺው፤ ልጁ እንቅልፍ አጥቶ አያቱንም እንቅልፍ ይነሳል። የእሑዱ ግን ሌላ ነው። እሑድ ብዙው ጨዋታ ከምሳ በኋላ ስለሆነ እዚያ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲጀመር እኛ ጋ ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እራት ተበልቶ ቡና የሚቀርብበት ሰዓት ማለት ነው። ድሮ ጨዋታው ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. ኳስ ወርዋሪው ላይ ሰዓት ተቆጠረበት፤ ቤዙ (ሯጩ የሚቆምበት ቦታ) ላይ ሰው ከሌለ በ15 ሴኮንድ መወርወር አለበት። አሁን በአማካይ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቢሆን ነው። ስለዚህ 5 ሰዓት አለፍ ሲል ሁሉም ይተኛል። በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ ሊጉ ጥቂት ቀን ያርፋል፤ ያኔ ልጁ «ኔትወርኩ ተበላሸ» ብሎ እንዳያስጨንቅሽ ቀድመሽ ንገሪው።

ኔትወርክ ካልኩ አይቀር፣ ቪዲዮው አንዳንድ ቀን እየቆመ ያናድዳል። ያኔ ድምፁን ብቻ ክፈቱ። ቤዝቦል ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሬዲዮ ሲተላለፍ የኖረ ስፖርት ነው፤ ተንታኞቹ ኳሷ የት እንዳረፈች ዓይንሽ ላይ ያመጡልሻል። ዳታም አይበላም። ችግሩ ዝናቡ ነው። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲወርድበት እንኳን የስልክ ድምፅ፣ አጠገብሽ ያለ ሰውም አይሰማሽ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እግር ኳስ ሲታይ ያወራ ሰው ይሰደባል። ቤዝቦል ግን እያወሩ ካላዩት አያልቅም። ወርዋሪው ቆብ ያስተካክላል፣ መሬት ይጭራል፣ ምልክት አልቀበልም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። በዚያ መሀል ስንት ወሬ ይወራል! እኔ አሜሪካ ሳለሁ ብቻዬን ሳየው ይደብተኝ ነበር። እዚህ ግን ስልኩን የስኳር ጣሳው ላይ እናስደግፈዋለን፣ ከረከቦቱ ጀርባ። አቦል ሲቀዳ ሦስተኛው ኢኒንግ (ዙር) ላይ ነን፣ በረካው ሲደርስ ሰባተኛው። ሰባተኛው ላይ አሜሪካኖቹ ተነስተው ሲንጠራሩና ሲዘፍኑ እኛም ቤት የተኛ ካለ ይነቃል።

አክስቴ ሕጉን በጥያቄ ነው የተማረችው። ከ10 ጊዜ 3ቱን በደንብ የመታ ተጫዋች ኮከብ እንደሚባል ልጄ ሲነግራት ሲኒውን እንደያዘች ቀረች። «ሰባቱን ስቶ?» አለች። አዎ፣ ሰባቱን ስቶ። «እሰይ! ደግ ሕግ ነው» ብላ ቡናዋን ፉት አለች። አጎቴ ደግሞ ኳሷ ተመልካቹ መሀል ስትወድቅ አየና «አሁን ሊመልስ ነው?» አለ። አይመልስም፣ የያዘ ይወስዳታል። ወላሂ ከዚያ በኋላ ሜዳውን ማየት ትቶ ተመልካቹን ብቻ ሲያይ አመሸ።

መጫወቱንስ ካልሽ፣ ይጫወታሉ። ደሴ ግን ዳገት መሆኗን አትርሺ። ሠፈር ውስጥ ጥሩ አድርጎ የመታ ልጅ ኳሷን ታችኛው ሠፈር ነው የሚያደርሳት። የኛዎቹ «የመታ ይወርዳል» የሚል ሕግ አውጥተዋል። እዚያ ሆምረን፣ ማለትም ኳሷን ከሜዳ አሳልፎ፣ የመታ ዘና ብሎ ይዞራል፤ እዚህ የመታው ነው በጭቃው ቁልቁል የሚሮጠው! ደህና ሜዳ ከፈለጋችሁ ወደ ሆጤ ውረዱ፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሚበረታ ጠዋት ይሻላል። እውነተኛዋን የቆዳ ኳስ አታምጪ። ድንጋይ ናት፤ የጎረቤት መስኮት ላይ ካረፈች ፀብ ነው። የቴኒስ ኳስ ይበቃል፣ ካልሆነ የካልሲ ኳስ። ዱላ ደግሞ ነሐሴ ላይ ሞልቷል። ለቡሄ የተቆረጠውን የሆያ ሆዬ ዱላ ነው የሚመቱበት፤ ነሐሴ 13 ከመድረሱ በፊት ግማሹ ይሰበራል።

ሙዚቃውም ከዚሁ ጋር መጣልን። እዚያ እያንዳንዱ የባለሜዳው ቡድን መቺ ወደ ሜዳ ሲገባ ራሱ የመረጠው ዘፈን ይለቀቅለታል አይደል? አዝማሪ ቤት እንግዳ በገባ ቁጥር ስሙን ጠይቆ ግጥም እንደሚያወርድለት ማለት ነው። ልጄ ይህን ለአክስቱ ልጆች ነገራቸው። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ዘፈኑን ሳይመርጥ ዱላ የሚይዝ ጠፋ። አንዱ ባጃጅ ውስጥ የሚጮኸውን የሰሞኑን ዘፈን ያስከፍታል። ሌላው አያቱ የምትወደውን አምባሰል። አንዷ ባቲ አስከፈተችና ሁሉም እስክስታ ወረደ፣ ጨዋታው እዚያው ቀረ። ልጆቼ ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ የሰፈራችን ስም መሆናቸውን ያወቁት ያን ቀን ነው። አምባሰል በሐይቅ በኩል፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በታች። ሰኞ ቀን የባቲ ገበያ ውሰጃቸው፤ ከየትኛውም ሙዚየም ይበልጣል ባይ ነኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። እናትሽ ጾመኛ ከሆኑ ድምፅ ማጉያውን ቀነስ አድርጉ። ጃኬትም ያዢ! ከ2,400 ሜትር በላይ ነን፤ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ቁምጣ አይሠራም።

ኮምቦልቻዊት፣ ከሲያትል

ያ ጀማዓ፣ የሸዋበሩ ወንድማችን ሁሉንም ለደሴ ጠቀለላት! እኔ ሌላ ሐሳብ አለኝ። እህቴ፣ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳገት ነው። ከመውጣትሽ በፊት ጥቂት ቀን ኮምቦልቻ እረፊ። ወደ 600 ሜትር ዝቅ ስለምትል ትሞቃለች፣ ሜዳ አላት፣ የተመታች ኳስ ሰው ሠፈር አትወርድም። ማታ ውጭ መቀመጥም ይቻላል። ለትንሿ ልጅሽ ግቢ ውስጥ ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ወጥሪና ፊልሟን አሳያት። ፓርኩ መጣላት ማለት ነው። ፕሮጀክተሩን ግዢ፣ ግን ትንሹንና ባትሪ ያለውን። መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። አጎበርም አትርሺ፤ የኮምቦልቻ ትንኝ እንደ ደሴ አይደለም፣ ወባ አለ።

በሰዓቱ ጉዳይ ግን የዋሽንግተን ሰዎች ዕድለኛ ናችሁ። ከሲያትል ልዩነቱ 10 ሰዓት ነው። የኛ ቡድን እሑድ ከሰዓት ሲጫወት ኮምቦልቻ ሊነጋጋ—ይቅርታ፣ አጋነንኩ—ሌሊቱ ሊጋመስ ምንም አይቀረውም። እናቴ ልጄን «ይኼ ልጅ ምን ሆኖ ነው ሌሊት የሚጮኸው?» ብላ ዳዊት ልትደግምበት ነበር።

ጋሽዬ፣ ከዴንቨር

ልጆቼ፣ ተው እንጂ። ልጆቹን ያን ያህል መንገድ አስጉዛችሁ ቤዝቦል ልታሳዩአቸው? አይጠየፍን አሳዩአቸው፣ ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበትን አዳራሽ። ሐይቅ ውሰዷቸው፣ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። አማርኛ ይልመዱ። ቤዝቦሉ ሲመለሱ ይጠብቃቸዋል፤ አንዱ ቡድን ብቻ በዓመት 162 ጨዋታ አለው፣ የት ይሄዳል?

የሸዋበር ልጅ

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፣ አይጠየፍም ሐይቅም ይሄዳሉ። ግን ያ የአንድ ቀን ጉዳይ ነው። የቀሩትን ቀናት ምን ያድርጉ? ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ እንግዳ ነው። የኔ ልጅ መጀመሪያ በመጣ ጊዜ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሰው ሰላም ሲለው ብቻ ነበር የሚነሳው። አማርኛው የተፈታው ሕጉን ሊያስረዳ ሲሞክር ነው። «አይ! እግርህ ቤዙን አልነካም፣ ወጥተሃል!» ብሎ በአማርኛ ተከራከረ። እንግዳ ሆኖ የመጣ ልጅ የሚያውቀው ነገር ሲኖር ነው አፉ የሚፈታው። አለዚያማ ሁሉም አስተማሪው፣ እሱ ብቻ ተማሪ ይሆናል።

ጋሽዬ፣ ከዴንቨር

እሺ፣ በአማርኛ ከተከራከረስ ይሁን። ተረታሁ። አይጠየፍ ግን ይቅደም።

የፒያሳው

ስለ ፊልም እኔ ልናገር፣ ቪዲዮ ቤት ያደግኩ ነኝ። ለወጣቶቹ ላስረዳ፦ አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ ክፍል፣ ፊት ለፊት አንድ ቴሌቪዥን። የህንድ ፊልም ሲሆን ሁሉም ያለቅሳል፣ የካራቴ ሲሆን ስንወጣ እንደባደባለን። ቋንቋውን የሚያውቅ የለም። ግን ሁልጊዜ ፊልሙን ቀድሞ ያየ አንድ ልጅ አለ፤ «አሁን ወንድሙ መሆኑን ሊያውቅ ነው» እያለ ያበላሽብናል። እሱን ያልተማታ የለም።

እህቴ፣ ልጅሽ ከጠላት ይኼን ነው የምትጠላው። የደሴ ቤት ፊልም ዝም ተብሎ አይታይም። እናቶች መሀል ላይ ይጠይቃሉ፣ ይራገማሉ፣ ተዋናይቷን ይመክራሉ። ቃና ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቱርኩን ድራማ በአማርኛ ካስለመደ ወዲህማ የማይከታተል አያት የለም። ልጅቷን ከአያቷ አጠገብ አስቀምጫት። መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ፊልም ታሳያቸውና እሷ ታስተርጉም። በማግስቱ አያትየው ድራማቸውን ያሳዩዋት፣ እሳቸው ያስረዱ።

ፊልሞቹን ከዚያው ፍላሽ ላይ ሞልተሽ ነይ፣ በኔትወርክ አትተማመኚ። ያለቀ እንደሆነ ፒያሳ አካባቢ ፊልምና ዘፈን የሚጭኑ ሱቆች አይጠፉም። ሚሞሪ ሰጥተሽ «የልጆች» ካልሽ ይጭኑልሻል። ብቻ ለልጆቹ ከመስጠትሽ በፊት ራስሽ እዪው፤ አንዳንዱ «የልጆች» የሚሉት የልጆች አይደለም!

ባልሽ ደግሞ የሚቀረው ወዶ ይመስለኛል። የጁላይ 4 ሳምንት የኛ የኳስ ፌስቲቫል አለ አይደል፣ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው? ኳሱ፣ ሙዚቃው፣ ክትፎው፣ ሁሉም እዚያ ነው። ጠይቂው እስቲ።

እናት ከሜሪላንድ

ጠየቅኩት። ሳቀ። ሆቴል ይዟል ለካ!

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ያክብርልኝ። እንግዲህ ትንሹን ፕሮጀክተር አዝዣለሁ፣ ባትሪ ያለውን። ልጁ የእሑዶቹን ጨዋታዎች ካላንደር ላይ በደሴ ሰዓት እየጻፈ ነው። ፊቱ ትንሽ ተፈቷል። አሁን አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ሻንጣው ሊሞላብኝ ነው። ጓንት ስንት ልያዝ? ሁሉም ሰው ጓንት ያስፈልገዋል ይለኛል፣ እኔ እውነቱን እንጃ።

የሸዋበር ልጅ

ሁለት ይበቃል። አንድ ለያዥ፣ አንድ ለወርዋሪ፤ በቴኒስ ኳስ የቀረው በባዶ እጁ ይይዛል። ግን ከመግዛትሽ በፊት የእናትሽን ሠፈር ልጆች አስጠይቂ፣ ግራኝ ካለ። ጓንቱ የሚጠለቀው በማይወረውሩበት እጅ ነው፤ ለግራኝ የቀኝ እጅ ጓንት ነው የሚሆነው፣ እሱን ደግሞ እዚህ አታገኚውም። የእህቴ ልጅ ግራኝ ነው፣ ሸዋበር ነን፣ ቅርብ ነን። ከቻልሽ አንዱን ለሱ የሚሆን አድርጊው። ዋጋውን ስትደርሺ እሰጥሻለሁ።