ኬሚስትሪ «ሲ» ያመጣች ልጅ ኤምካት ይሆንላታል?

የሆጤ ልጅ (ደሴ)፦
ታናሽ እህቴ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ከገባች አንድ ዓመት ሆናት። ሐሳቧ ሐኪም መሆን ነው። በጠቅላላ ኬሚስትሪ «ሲ»፣ በባዮሎጂ «ቢ» አመጣች። አባታችን በስልክ ከሰሙ ወዲህ ቡና ሲፈላ እንኳ ሌላ ወሬ የላቸውም፤ «ሕክምናው ቀረ» ይላሉ። የመጀመሪያ ዓመት የሳይንስ ውጤት የዚያ አገር የሕክምና መግቢያ ፈተና፣ ኤምካት የሚሉት፣ እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ ያሳያል? እሑድ ለአባቴ የምለው አጣሁ።

መምህር ከኮምቦልቻ፦
ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ዝምድና አለ፤ ግን መካከለኛ ነው። ጥሩ ውጤት ያላቸው በአማካይ ፈተናውንም የተሻለ ይሠራሉ፤ ከዚያ ተነስቶ በአንዲት ልጅ ላይ መፍረድ ግን አይቻልም። ደግሞም በመጀመሪያው ዓመት ክፉኛ የወደቁት ብዙዎቹ መንገዱን ስለሚተዉ ለፈተናው አይቀርቡም። የተፈተኑትን ብቻ ስናይ ዝምድናው ከእውነተኛው ያነሰ ይመስላል። ስለዚህ «ውጤት ምንም አይናገርም» የሚልህንም አትመን።

የቦርከና ልጅ (ቨርጂኒያ)፦
አብሽር ወንድሜ። ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው፤ ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ። አራት ክፍል አለው፤ ድምሩ ከ472 እስከ 528 ነው። እረፍቱን ጨምሮ ሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። እህትህን ያስደነገጣት ጠቅላላ ኬሚስትሪ የኬሚስትሪና ፊዚክሱን ክፍል 30 በመቶ ያህል ቢይዝ ነው። የሳይንስ ክፍሎቹም ቢሆኑ እያንዳንዳቸው ከ59 ጥያቄዎች 44ቱን የሚያወጡት ከምንባብ ነው፤ ቀመር ሸምድዶ «ኤ» ያመጣ ሰው እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። ከአራቱ አንዱ ክፍል ደግሞ ሳይንስ የሚባል የለበትም፤ አንብቦ መመዘን ብቻ ነው፣ 53 ጥያቄ በ90 ደቂቃ። እኔ ኬሚስትሪ «ኤ» ነበረኝ፤ ጉድ የሠራኝ ይኸው ንባብ ነው። ልጅ ሳለሁ ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ያነበብኩት ጥቂት ነበርና አልገረመኝም።

የጦሳ ጥላ (ደሴ)፦
ለአባትህ ይህን ንገራቸው፦ እኛ ዘንድ አብዛኛው ልጅ ከ12ኛ ክፍል ወጥቶ ሌላ ዲግሪ ሳይዝ ወደ ሕክምና ይገባል፤ እዚያ ግን አብዛኛው መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ ይይዛል። ጊዜ አላት። «ሲ»ውን ደግማ ብትማረውስ? ይጠፋላታል።

የቦርከና ልጅ፦
አይጠፋም። ብዙዎቹ የሕክምና ኮሌጆች የሚጠቀሙበት አምካስ የተባለው የማመልከቻ ሥርዓት የድሮውንም የአዲሱንም ይቆጥራል። አባትህ በዚህ በኩል አልተሳሳቱም፤ «ሲ»ው ፈተናውን ባይወስንም ራሱን ችሎ ይታያል። ለማንኛውም «ሲ» ለምን እንደመጣ ጠይቃት። ትምህርቱ አልገባትም ወይስ ጊዜ አጣች? መልሱ እንደዚያ ይለያያል።

የሆጤ ልጅ፦
ሁላችሁንም አላህ ይስጣችሁ። ትናንት ማታ ደወልኩላት። ዓመቱን ሙሉ ማታ ማታ ሱቅ ስትሠራ ነበር፤ ለአባታችን መድኃኒት የምትልከው ገንዘብ ከዚያ ነው። እንዳልነግራቸው አስምላኛለች። እሑድ ደርሷል፤ ምን ልበላቸው?