ፖል ራይክማን፦ ህንፃው ቆሞ ኩባንያው እንዴት ወደቀ?

ጠያቂው
ሰላም ለሁላችሁ። ካናዳዊው ፖል ራይክማን በ1980ዎቹ ከዓለም ትልልቅ ሪል እስቴት አልሚዎች አንዱ ነበር። ሆኖም የቤተሰቡ ኩባንያ ኦሊምፒያ ኤንድ ዮርክ በሜይ 1992 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፍርድ ቤት ገባ። ብዙ ሰው ጥፋቱን ኩባንያው ሎንደን የቀድሞ ወደብ ላይ በገነባው የቢሮ ሰፈር፣ በካናሪ ወርፍ ላይ ያላክካል። ግን ቶሮንቶና ኒውዮርክ ያሉት ህንፃዎች ተከራይ ነበራቸው፣ ኪራይም ይገባ ነበር። ታዲያ አንድ ፕሮጀክት ሁሉን ይዞ የሚወድቀው እንዴት ነው?

ባለ ካልኩሌተሩ
ኪራይ ወለድ ይከፍላል እንጂ ዋናውን ዕዳ አይመልስም፤ ጉዳዩ እዚያ ላይ ነው።

ሰውየው የከበረበትን መንገድ ተመልከት። በ1977 ኒውዮርክ በኪሳራ አፋፍ ላይ ሳለች፣ ማንሃተን ውስጥ ስምንት የቢሮ ህንፃዎችን በ320 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ገበያው ሲያንሰራራ ዋጋቸው ብዙ እጥፍ ወጣ። አልሚ እንዲህ ሲሆንለት አይሸጥም፤ እንደገና ይበደርበታል። በምሳሌ እናስላው፦ በ100 የተገዛ ህንፃ 80 ዕዳ አለበት። ግምቱ 200 ሲደርስ ባንክ 150 ያበድራል፤ 80ውን ዘግተህ 70 በእጅህ ይቀራል። ብድር ገቢ ስላልሆነ የገቢ ግብር የለበትም። በ70ው ቀጣዩን ትጀምራለህ። ግምቱ ወደ 120 ቢወርድ ግን ዕዳው 150 ላይ እንደቆመ ነው። ቤቱ እስከ ጣሪያው በተከራይ ቢሞላም የብድሩ ቀን ሲደርስ የሚያድስልህ ባንክ አታገኝም።

ኦሊምፒያ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ ያውም ባሰ መልኩ። ከዕዳው የተወሰነው በህንፃዎች መያዣነት ለገበያ የተሸጠ የአጭር ጊዜ የዕዳ ሰነድ ነበር። ለ30 ዓመት በሚያገለግል ህንፃ ላይ በወራት የሚቆጠር ዕዳ ሲጫን፣ አልሚው በየጊዜው በአበዳሪው መልካም ፈቃድ ይኖራል ማለት ነው። በ1992 መጀመሪያ ሰነዱን የሚገዛ ጠፋ። ባንኮቹ ደግሞ ለዓመታት ሲያበድሩ የነበሩት ቤተሰቡን አምነው እንጂ የድርጅቶቹን ጠቅላላ ሂሳብ አገላብጠው አልነበረም። እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን መያዣ ብቻ ነው፤ ድምሩን ሲሰሙ ሁሉም ባንድ ጊዜ ደነገጡ።

የወደብ ሰፈር
ከላይ የተባለው ልክ ነው፤ ግን ካናሪ ወርፍንም ነፃ አታውጡት። ራይክማን በ1987 ሲረከበው የመርከብ መትከያው ከተዘጋ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። መንግሥት አካባቢውን ልዩ ቀጣና ብሎ የግብር ቅናሽ ሰጥቶታል። ይሁን እንጂ ቅናሽ ሰው አያመላልስም። የነበረው ትንሽ ቀላል ባቡር ነው፤ መስመሩ ከመሀል ከተማው የባንኮች ሰፈር ጋር የተገናኘውም በ1991 ነው። ጁቢሊ የተባለውን የሎንደን የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ለማስቀጠል 400 ሚሊዮን ፓውንድ ላዋጣ ብሎ ቃል ገባ፤ ባቡሩ ግን ካናሪ ወርፍ የደረሰው በ1999 ነው።

ሌላው ስህተት የኒውዮርኩን ዘዴ እንዳለ መድገሙ ይመስለኛል። እዚያ አሜሪካን ኤክስፕረስ የተባለውን የፋይናንስ ኩባንያ ወደ ሠራው አዲስ ህንፃ ያስገባው የኩባንያውን አሮጌ ዋና መሥሪያ ቤት ራሱ ገዝቶ ነው። ሎንደን ላይም የተከራዮችን የቆየ ውል እየተረከበ ያመጣቸው ጀመር። በዚያ ዘመን የሎንደን የቢሮ ውል ብዙውን ጊዜ 25 ዓመት ነው፤ በየአምስት ዓመቱ ይከለሳል፣ ኪራዩ ግን ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። ስለዚህ አንድ ተከራይ ባመጣ ቁጥር ማንም የማይፈልገውን አሮጌ ቢሮ በውድ ኪራይ ይሸከማል። መሀል ከተማው በበኩሉ የግንባታ ደንቡን አላልቶ አዳዲስ ቢሮ ያስነሳ ነበር። በ1989 መጨረሻ የእንግሊዝ ባንክ ወለድ 15 በመቶ ገባ። ባለ 235 ሜትሩ ማማ በ1991 ሲያልቅ ገበያው ወድቆ ጠበቀው።

ዘመድ ያልሆነ
አንድ ነገር ልጨምር። የራይክማን ወንድማማቾች ሰው ፊት መታየት አይወዱም ነበር። ጥብቅ ኦርቶዶክስ አይሁድ ስለነበሩ ግንባታቸው በሰንበት ይቆማል፤ ቃላቸውም እንደ ፊርማ ይቆጠር ነበር። ስማቸው መያዣ ስለነበር አጥብቀው ይጠብቁታል። በ1987 ስለ ቤተሰቡ ታሪክ የጻፈ የቶሮንቶ መጽሔት ላይ የ102 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረቱ፤ መጽሔቱ በ1991 ይቅርታ ጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት ኩባንያው ወደቀ።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ፣ አሁን ገባኝ። ራይክማን በ1995 ካናሪ ወርፍን መልሶ ሲገዛስ ገንዘቡ ከየት መጣ?

ባለ ካልኩሌተሩ
ከሌሎች ኪስ። የሳዑዲው ልዑል አልወሊድን የመሰሉ ባለሀብቶችን አሰባስቦ ከአበዳሪ ባንኮቹ በ800 ሚሊዮን ፓውንድ ገዙት። የእሱ ድርሻ ትንሽ ነበር፤ ያመጣው በዋናነት እውቀቱን ነው። ሦስት ነገር ተቀይሮ ነበር፦ የመግዣ ዋጋው ከግንባታው ወጪ እጅግ ያነሰ ነው፣ ወለዱ ወርዷል፣ የጁቢሊ ቁፋሮም ተጀምሯል። የካናሪ ወርፍ ኩባንያ በ1999 አክሲዮን ገበያ ገባ፤ በ2004 ግን ሌላ የባለሀብቶች ቡድን ጠቀለለው።